ሳይሸነፍ ቤቱ የቀረው ቡድን፦ የ1973ቱ የቢግ ቴን ውድድር ለምን በስልክ ተቋጨ?

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ፉትቦል ወቅት ሊያልቅ ሲል ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ። እኩል የሆኑ ቡድኖች ካሉ ማን ይለፍ? ወሳኙስ ማን ነው? ኮሎምበስ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ሙግት በሥራ ቦታ ወይም ከልጆቻችሁ አፍ ሳትሰሙት አትቀሩም። ሙግቱ ሲጦፍ ደግሞ አንድ ዓመት ይጠራል፤ 1973።

በዚያ ዓመት ቢግ ቴን በሚባለው ኮንፈረንስ ሁለት ቡድኖች ሳይሸነፉ ጨረሱ። እርስ በርስ ተጋጥመው 10 ለ 10 ተለያዩ። ወደ ትልቁ የአዲስ ዓመት ጨዋታ የሚሄደው ግን አንዱ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዐሥር ሰዎች በስልክ ድምፅ ሰጡና አንዱን መረጡ። ሌላው አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ወቅቱ አለቀበት።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ነው የሚወራው። ዋንጫው በድምፅ ተሰጠ የሚል አለ። ሌላው ደግሞ ሁሉም ነገር ተንኮል ነበር ይላል። ነገሩን ለመረዳት ግን ከደንቡ መጀመር ያስፈልጋል። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢግ ቴን ምንድን ነው?

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ቡድኖች አሏቸው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተሰባስበው ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ይህ ማኅበር ኮንፈረንስ ይባላል። አባላቱ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ የራሳቸውን ሻምፒዮን ይለያሉ፣ ገቢ ይካፈላሉ፣ ደንብ ያወጣሉ።

ቢግ ቴን ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አንጋፋው ነው። የተመሠረተው በ1896 ነው። በ1973 አባላቱ ዐሥር ነበሩ፦ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኢሊኖይ፣ ኢንዲያና፣ አዮዋ፣ ሚኒሶታ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ፐርዱ እና ዊስኮንሲን። ዛሬ 18 ደርሰዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም በ2014 ገብቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዐሥር ቡድን ካለ እያንዳንዱ ዘጠኝ ተጋጣሚ አለው። በዚያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ቡድን የሚጫወተው ከስምንቱ ጋር ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ተመሳሳይ ፈተና አይገጥመውም። ይህ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ስለ ጨዋታው ለማያውቅ ሰው የሚከተለው ይበቃዋል። ሜዳው 100 ያርድ ነው፤ አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ይህ ተችዳውን ይባላል። ከተችዳውን በኋላ ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ካሳለፈ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። እስከ መስመሩ መድረስ ካቃተው ደግሞ ካለበት ሆኖ ሊመታ ይችላል፤ ከገባ 3 ነጥብ ነው፤ ፊልድ ጎል ይባላል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። በአራተኛው ካልሞላ ኳሱ ለተጋጣሚ ያልፋል። ሙከራውን የሚመራው ተጫዋች ኳርተርባክ ነው። ይወረውራል፣ ለሌላ ያቀብላል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። የታሪካችን ቁልፍ ሰውም አንድ ኳርተርባክ ነው።

ሮዝ ቦውል ለምን ይህን ያህል ተፈለገ?

መደበኛው ወቅት ካለቀ በኋላ ጥሩ የተጫወቱ ቡድኖች ለአንድ ልዩ ጨዋታ ይጋበዛሉ። ይህ ጨዋታ ቦውል ይባላል። ከሁሉም ጥንታዊው ሮዝ ቦውል ነው። የመጀመሪያው በ1902 ሲደረግ ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 አሸንፏል። ቦታው ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዲና ከተማ ነው፤ ቀኑ የፈረንጆች አዲስ ዓመት። ለመካከለኛው ምዕራብ ተማሪ በበረዶ ወራት ወደ ካሊፎርኒያ ፀሐይ መሄድ ማለት ነው። ግጥሚያውን ደግሞ አገር በሙሉ በቴሌቪዥን ያየዋል።

ከ1947 ጀምሮ የቢግ ቴን ተወካይ ከፓስፊክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ተወካይ ጋር በሮዝ ቦውል እንዲጋጠም ስምምነት ነበር። እስከዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። ቢግ ቴን አባላቱ ከሮዝ ቦውል ውጪ ወደ የትኛውም ቦውል እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር። በሌሎች ኮንፈረንሶች ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ ቡድኖች ሌላ ቦታ ይጋበዛሉ። የቢግ ቴን ሁለተኛ ግን ቤቱ ይቀመጣል።

ለምን እንዲህ አደረጉ? የዩኒቨርሲቲ መምህራንና አስተዳዳሪዎች ፉትቦል ትምህርቱን እንዳይውጠው ይፈሩ ነበር። ፍርሃቱ የምር ነበር። በ1961 ኦሃዮ ስቴት ለሮዝ ቦውል ሲጋበዝ የዩኒቨርሲቲው የመምህራን ጉባኤ 28 ለ 25 ድምፅ ሰጥቶ ግብዣውን ውድቅ አድርጎታል። ተጫዋቾቹ አልሄዱም። በምትካቸው ሚኒሶታ ሄደ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ቢግ ቴን ለምን አንድ በር ብቻ ከፍቶ እንደተቀመጠ አይገባውም።

ሌላም ደንብ ነበር። ዘንድሮ ሮዝ ቦውል የሄደ ቡድን ለከርሞ መድገም አይችልም። ልክ እንደ እቁብ ነው፤ የበላው ሰው ተራውን ለሌላው ይለቃል። በዚህ ምክንያት ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ቀርቶ ሁለተኛው የሄደባቸው ዓመታት ነበሩ። ጠንካሮቹ ቡድኖች ይህን ይጠሉት ነበር። ከ1973 ጥቂት ቀደም ብሎም ደንቡ ተሻረ።

ሲሽሩት ግን በቦታው ግልጽ የሆነ ሌላ መለያ አላስቀመጡም። ሁለት ቡድኖች እኩል ከሆኑ የስፖርት ዳይሬክተሮች ድምፅ ይሰጣሉ የሚለው ብቻ ቀረ። በ1972 ሮዝ ቦውል የሄደው ኦሃዮ ስቴት ነበር። አሮጌው ደንብ ባይሻር ኖሮ የ1973ቱ ጥያቄ ራሱ አይነሳም ነበር። ሚሺጋን ያለ ምንም ክርክር ይሄድ ነበር።

ሁለቱ ቡድኖች እነማን ነበሩ?

ኦሃዮ ስቴትን የሚያሠለጥነው ዉዲ ሄይስ ነበር። ከ1951 ጀምሮ እዚያው ነው። ቁጡ፣ ኃይለኛ፣ ኳስ መወርወር የማይወድ፣ በሩጫ ገፍቶ ማሸነፍ የሚያምን ሰው። የሚሺጋኑ አሠልጣኝ ቦ ሼምቤክለር ደግሞ የራሱ ደቀ መዝሙር ነው። በማያሚ ዩኒቨርሲቲ፣ ያ በኦሃዮ ያለው፣ በሄይስ ሥር ተጫውቷል። ኋላም ረዳቱ ሆኖ ሠርቷል። በ1969 ሚሺጋን ሲቀጥረው በመጀመሪያ ዓመቱ የቀድሞ አለቃውን 24 ለ 12 አሸነፈ። ከዚያ ዓመት እስከ 1978 ድረስ የነበረውን ፉክክር አሜሪካኖች የዐሥር ዓመቱ ጦርነት ይሉታል።

በእነዚያ ዓመታት ሌሎቹ ስምንት ቡድኖች ለአጃቢነት ብቻ ያሉ ነበር የሚመስሉት። 1973 ደግሞ ባሰ። ኦሃዮ ስቴት ሚኒሶታን 56 ለ 7፣ ኖርዝዌስተርንን 60 ለ 0፣ አዮዋን 55 ለ 13 አሸነፈ። ከሚሺጋን ጋር እስኪገናኝ ድረስ በዘጠኝ ጨዋታ የተቆጠረበት 33 ነጥብ ብቻ ነው። ሚሺጋንም ቀላል አልነበረም። ስታንፎርድን 47 ለ 10፣ ኢንዲያናን 49 ለ 13 ረታ። በተከታታይ በሦስት ጨዋታ ምንም ሳይቆጠርበት ወጣ። ዐሥር ተጫውቶ ዐሥሩንም አሸነፈ።

የኦሃዮ ስቴት ኮከብ ሯጩ አርቺ ግሪፊን ነበር። ያኔ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት፣ በ1974 እና በ1975፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሄይስማን ሽልማት ወስዷል። ሁለት ጊዜ የወሰደው እሱ ብቻ ነው። ኳርተርባኮቹ ደግሞ ኮርኔሊየስ ግሪን በኦሃዮ ስቴት፣ ዴኒስ ፍራንክሊን በሚሺጋን ነበሩ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ሁለቱም በየዩኒቨርሲቲያቸው ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተሰላፊ ኳርተርባኮች ናቸው። ቡድን የሚመራበት ቦታ ለጥቁር ተጫዋች እምብዛም በማይሰጥበት ዘመን የአገሪቱ ትልቁ ፉክክር በሁለት ጥቁር ወጣቶች ይመራ ነበር። ስለ 1973 ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም።

ሜዳው ላይ ምን ሆነ?

ቀኑ ኅዳር 24 ቀን 1973 ነው፤ ቅዳሜ። ቦታው አን አርበር፣ የሚሺጋን ስታዲየም። 105,223 ሰው ገባ። ኦሃዮ ስቴት በስፖርት ጋዜጠኞች ደረጃ ከአገሪቱ አንደኛ፣ ሚሺጋን አራተኛ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ የኦሃዮ ስቴት ሆነ። ብሌር ኮንዌይ ከ31 ያርድ ፊልድ ጎል አስገባ። ፒት ጆንሰን ከ5 ያርድ ገፍቶ ተችዳውን አስቆጠረ። 10 ለ 0 ሆኖ ዕረፍት ወጡ።

ከዕረፍት በኋላ ጨዋታው ተገለበጠ። ኦሃዮ ስቴት መወርወር ተሳነው፤ በጨዋታው በሙሉ አንድም ውርወራው ለጓደኛ አልደረሰለትም። ሚሺጋን ገፋ። በአራተኛው ሩብ ማይክ ላንትሪ ከ30 ያርድ መትቶ 10 ለ 3 አደረገው። ላንትሪ በቬትናም ጦርነት ዘምቶ ተመልሶ ኮሌጅ የገባ ሰው ነበር።

ቀጥሎ ሚሺጋን ለመጨረሻው መስመር 10 ያርድ እስኪቀረው ድረስ ገፋ። አራተኛው ሙከራ ላይ ናቸው፤ የሙከራቸውን 10 ያርድ ለመሙላት የቀራቸው አንድ ያርድ እንኳ አይሞላም። ፊልድ ጎል መትቶ 3 ነጥብ መውሰድ ይቻል ነበር። ሼምቤክለር ግን አልፈለገም። ፍራንክሊን ኳሱን ለሯጩ የሰጠ አስመሰለ። ተከላካዮቹ ሁሉ ወደ ሯጩ ሄዱ። እሱ ግን ኳሱን ይዞ በጎን ወጥቶ ገባ። ተችዳውን! በጭማሪ ምቱ 10 ለ 10 ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከተችዳውን በኋላ በመምታት ፈንታ አንድ ጊዜ ደግመው ወደ መስመሩ መግባት ይችሉ ነበር፤ ያ 2 ነጥብ ነው። ለምን አልሞከሩም? ሰዓቱ ገና ስለነበረ ነው። ቢሳሳቱ በ1 ነጥብ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ቡድኑ እየበረታ ነበር፤ እርግጠኛዋን 1 ነጥብ መርጦ ማሸነፊያውን ኋላ መፈለግ የሚመስል ውሳኔ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ሲቀረው ፍራንክሊን ኳስ ወረወረ። ወዲያው የኦሃዮ ስቴት ተከላካይ በላዩ ላይ ወደቀበት። በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ። ከሜዳ ወጣ።

ሚሺጋን ግን ሁለት ዕድል ነበረው። ላንትሪ ከ58 ያርድ መታ። ይህ በጣም ሩቅ ነው፤ 53 ሜትር። ኳሷ ርቀቱን ይዛ ሄዳ ለጥቂት ወደ ግራ ሳተች። ከዚያ ኦሃዮ ስቴት ለመወርወር ሲሞክር ሚሺጋኖች ኳሷን ነጠቁ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ላንትሪ እንደገና መታ፤ አሁን ከ44 ያርድ። ይቺኛዋ በቀኝ በኩል ወጣች። አለቀ። 10 ለ 10።

ጭማሪ ሰዓት ለምን አልተሰጠም?

ደንቡ ስላልነበረ። የኮሌጅ ፉትቦል ለሁሉም ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ያስገባው በ1996 ነው። ከዚያ በፊት አቻ አቻ ነው።

በግብ ክፍያ መለየት አይቻልም ነበር?

በእግር ኳስ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሁለቱም በኮንፈረንሱ ውስጥ 7 አሸንፈው 1 አቻ ወጥተዋል። ያስቆጠሩትንና የተቆጠረባቸውን ቀንሶ መለየት አይቻልም?

ቢሰላ ኦሃዮ ስቴት በሰፊው ይበልጣል። በስምንቱ የኮንፈረንስ ጨዋታዎች 307 አስቆጥሮ 37 ተቆጥሮበታል፤ ልዩነቱ 270። ሚሺጋን 245 አስቆጥሮ 58 ተቆጥሮበታል፤ ልዩነቱ 187። ግን ሁለቱ ተመሳሳይ ተጋጣሚዎች አልነበሯቸውም። ኦሃዮ ስቴት 60 ለ 0 ያሸነፈውን ኖርዝዌስተርንን ሚሺጋን አልገጠመውም። ሚሺጋን ደግሞ ፐርዱን ሲገጥም ኦሃዮ ስቴት አልገጠመውም። ከዚህም ሌላ በኮሌጅ ፉትቦል ደካማ ተጋጣሚ ላይ ነጥብ መከመር እንደ ነውር ይታያል። የግብ ክፍያ ቢቆጠር አሠልጣኞች ሆን ብለው 80 እና 90 ነጥብ ለማስቆጠር ይሮጡ ነበር። ስለዚህ ይህ መንገድ ደንብ ሆኖ አያውቅም።

እነማን ድምፅ ሰጡ? በምን መስፈርት?

ድምፅ የሰጡት የዐሥሩ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ዳይሬክተሮች ናቸው። ዳይሬክተር ማለት አሠልጣኝ ቀጥሮ የሚያሰናብት፣ በጀት የሚይዝ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስፖርት በሙሉ የሚመራ ኃላፊ ነው። ድምፁን የሰበሰበው የኮንፈረንሱ ኮሚሽነር ዌይን ዱክ ነበር። ቀኑ እሁድ ኅዳር 25፣ የጨዋታው ማግስት። ስብሰባ አልተጠራም። ሁሉም በስልክ ሆነ።

ብዙ ሰው ሚሺጋን ይሄዳል ብሎ ነበር የጠበቀው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦሃዮ ስቴት ባለፈው ዓመት ሄዷል። ደንቡ ቢሻርም ተራ የመስጠት ስሜቱ ገና አልጠፋም። ጨዋታውንም ከዕረፍት በኋላ የተቆጣጠረው ሚሺጋን ነው።

ውጤቱ ግን ኦሃዮ ስቴት ሆነ፤ 6 ለ 4። ኦሃዮ ስቴትን የመረጡት ራሱ ኦሃዮ ስቴት፣ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኖርዝዌስተርን፣ ፐርዱ እና ዊስኮንሲን ናቸው። ሚሺጋንን የመረጡት ራሱ ሚሺጋን፣ ኢንዲያና፣ አዮዋ እና ሚኒሶታ ናቸው። ሁለቱ ለየራሳቸው የሰጡትን ብናወጣ ፍርዱ 5 ለ 3 ነው። አንድ ሰው ብቻ ሐሳቡን ቢቀይር 5 ለ 5 ይሆን ነበር።

ሁለቱ ድምፆች በተለይ ሚሺጋኖችን አቃጠሉ። አንደኛው የሚሺጋን ስቴት ነው። የአንድ ግዛት ልጆች፣ የዘመናት ባላንጣዎች። በባላንጣነት ነው የመረጡት የሚለው ወሬ እስካሁን አልሞተም። ሁለተኛው የዊስኮንሲን ነው። የዊስኮንሲን ዳይሬክተር ኤልሮይ ሂርሽ በ1943 ለሚሺጋን የተጫወተ ሰው ነበር። የራሳችን ሰው ሸጠን አሉ። እኔ ግን በጥላቻ ብቻ ማስረዳቱ አይበቃም ባይ ነኝ። ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነገር ነው።

ቢግ ቴን ያለፉትን አራት ሮዝ ቦውሎች በተከታታይ ተሸንፏል። ሚሺጋን ሁለት ጊዜ፣ ኦሃዮ ስቴት ሁለት ጊዜ። በመጨረሻው ኦሃዮ ስቴት በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 42 ለ 17 ተረትቷል። ይህ ለኮንፈረንሱ ሐፍረት ነበር። ሌላ ሽንፈት ማንም አልፈለገም። ፍራንክሊን ደግሞ አጥንቱ ተሰብሯል። ያለ ኳርተርባኩ ሚሺጋን ያሸንፋል? ዳይሬክተሮቹ የጠየቁት ይህንን ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። "ማን ይገባዋል?" እና "ማን ያሸንፍልናል?" ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው የተሠራውን ሥራ ይመዝናል። ሁለተኛው ገና ያልተደረገ ጨዋታን ይገምታል። ድምፅ ሰጪዎቹ የትኛውን እንዲመልሱ የሚነግራቸው የተጻፈ መስፈርት አልነበረም። ያንዱ ዳይሬክተር ሚዛን አንድ፣ የሌላው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ጉዳቱም ከታወቀ በኋላ ነው መስፈርቱ በየሰዉ ጭንቅላት ውስጥ የተሠራው። ከጨዋታው እስከ ሮዝ ቦውል 38 ቀን ነበር። ሐኪም እስኪያይ፣ ነገሩ እስኪረጋ አልተጠበቀም።

ኦሃዮ ስቴት አልተገባውም አልልም። ይገባዋል፤ አልተሸነፈም። በደሉ ያለው ፍራንክሊን ላይ ነው። ቡድኑን ከ10 ለ 0 አንስቶ አቻ አደረገ፣ ለማሸነፍ ሲጫወት ተሰበረ፣ ስብራቱም ጓደኞቹ የሚቀጡበት ምክንያት ሆነ። ሼምቤክለር በውሳኔው እጅግ ተቆጣ። በአደባባይም ተናገረ። እስኪሞት ድረስ ቅሬታው አልወጣለትም።

ፓሳዲና ላይ ምን ሆነ?

ኦሃዮ ስቴት ጥር 1 ቀን 1974 ሳውዘርን ካሊፎርኒያን 42 ለ 21 አሸነፈ። ኮርኔሊየስ ግሪን የጨዋታው ኮከብ ተባለ። የአራት ዓመቱ የሽንፈት ሰንሰለት ተበጠሰ። ብዙዎች ምርጫው ትክክል ነበር ለማለት ይህን ይጠቅሳሉ። ግን ሚሺጋን ሄዶ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ይህ ውጤት አይነግረንም።

ታዲያ ሻምፒዮኑ ማን ነው?

በኮንፈረንሱ ሁለቱም። የ1973 የቢግ ቴን ሻምፒዮን ተብለው የተመዘገቡት ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን በጋራ ናቸው። ድምፁ የወሰነው የሮዝ ቦውሉን ጉዞ ብቻ ነው፤ ዋንጫውን አይደለም።

በአገር ደረጃ ደግሞ ያኔ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም። የስፖርት ጋዜጠኞች አንድ ደረጃ ያወጣሉ፣ አሠልጣኞች ሌላ። ጋዜጠኞቹ ኖትር ዳምን አንደኛ፣ ኦሃዮ ስቴትን ሁለተኛ፣ ሚሺጋንን ስድስተኛ አደረጉ። አሠልጣኞቹ የመጨረሻ ደረጃቸውን ከቦውሎቹ በፊት አውጥተው አላባማን አንደኛ ብለው ነበር። ከዚያ አላባማ በኖትር ዳም 24 ለ 23 ተሸነፈ። ሻምፒዮን የተባለው ቡድን ከሹመቱ በኋላ ተሸንፎ ሻምፒዮንነቱ ጸናለት። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ አሠልጣኞቹም ድምፃቸውን ከቦውሎቹ በኋላ መስጠት ጀመሩ። በድምፅ መወሰን እንግዲህ የቢግ ቴን ብቻ ችግር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ?

ወዲያው ምንም አልተለወጠም። በ1974 ሚሺጋን እንደገና 10 ጨዋታ አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን በኦሃዮ ስቴት 12 ለ 10 ተረታ፤ ያኔም የላንትሪ የመጨረሻ ምት ሳተች። እንደገና በጋራ ሻምፒዮን ሆኑ፤ እንደገና ኦሃዮ ስቴት ሄደ። ከ1972 እስከ 1974 በሦስት ዓመት ሚሺጋን 30 አሸነፈ፣ 2 ተሸነፈ፣ 1 አቻ ወጣ። ፍራንክሊንና ጓደኞቹ በዚህ ሁሉ አንድም ቦውል ሳይጫወቱ ተመረቁ። ይህን ቁጥር ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ለውጡ የመጣው በ1975 ነው። ቢግ ቴን አባላቱ ወደ ሌሎች ቦውሎች እንዲሄዱ ፈቀደ። ሚሺጋን በዚያው ወቅት ሁለተኛ ወጥቶ ወደ ኦሬንጅ ቦውል ተጋበዘ፤ በኦክላሆማ 14 ለ 6 ተሸነፈ፤ ግን ተጫወተ። ስልኩም ቀርቶ ቀድሞ የተጻፈ የመለያ ቅደም ተከተል መጣ። በ1996 ጭማሪ ሰዓት ሲገባ አቻ የሚባል ነገር ራሱ ጠፋ። ከ2011 ጀምሮም ቢግ ቴን የራሱን የፍጻሜ ጨዋታ ያደርጋል።

የተጎዳ ኳርተርባክ ጉዳይ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመለሰ። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፤ የኮንፈረንሱንም ዋንጫ ወሰደ። ያኔ ለአገሪቱ ዋንጫ የሚያልፉት አራት ቡድኖች ነበሩ። የሚመርጣቸው 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። የፍሎሪዳ ስቴት ኳርተርባክ ጆርዳን ትራቪስ ኅዳር ላይ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ኮሚቴው ቡድኑን አምስተኛ አድርጎ አስቀረው፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ አለፈ። ከ1973 የሚለየው አንድ ነገር ነው። የዋና ተጫዋች አለመኖር እንደሚታይ በኮሚቴው መመሪያ ላይ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ያ መጻፉ ነገሩን ፍትሐዊ ያደርገዋል ወይ የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል፤ ቢያንስ ግን ቡድኖቹ ከመጫወታቸው በፊት ያውቁት ነበር።

ከ2024 ጀምሮ የሚያልፉት 12 ሆነዋል። የ1973ቱ ሁኔታ ዛሬ ቢደገም ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን አን አርበር ላይ በጭማሪ ሰዓት ይለያያሉ። ከሳምንት በኋላ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ኢንዲያናፖሊስ ላይ እንደገና ሊገናኙ ይችላሉ። ከዚያም ከ12ቱ ውስጥ ሁለቱም መግባታቸው አይቀርም።